ጥቆማ፦ ለጀማሪ አርዱዊኖ ኡኖ ይሻላል ወይስ ኢኤስፒ32?

ጀማሪው፦ ኤሌክትሮኒክስ ከዜሮ ልጀምር ነው፣ ኮድም ጽፌ አላውቅም። ከሁለቱ ኮድ የሚጫንባቸው ትንንሽ ቦርዶች የትኛው ይሻለኛል? ሙሉ ኪት ልግዛ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ?

ነጠላ ሽቦ፦ ኡኖ አር3። ቺፑ ሶኬት ላይ የተሰካውን ምረጥ፤ ብታቃጥለው ቡትሎደር (ኮድህን ከኮምፒውተር የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም) የተጫነበት ሌላ ቺፕ ትሰካለህ። ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት ነው የሚሠራው። በ5 ቮልት የሚሠራ የርቀት ሴንሰር በቀጥታ ብትሰካበት ፒኑን (ሽቦ የሚሰካበትን የቦርዱን እግር) ሊጎዳው ይችላል፤ በ1 ኪሎ እና በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) ቮልቴጁን ማውረድ ይኖርብሃል። ለመጀመሪያ ሳምንት ይከብዳል።

የፒኮ ወዳጅ፦ ሁለቱንም ተዋቸው፣ ራስበሪ ፓይ ፒኮ የሚባለውን ቦርድ ግዛ። 264 ኪሎባይት ራም አለው፤ ኡኖ 2 ብቻ።

ነጠላ ሽቦ፦ ፒኮም እኮ 3.3 ቮልት ነው።

የፒኮ ወዳጅ፦ ይሁን። ፒኮ ነው።

የተበሳጨ፦ የኡኖ ኮፒ ቦርድ ብቻ አትግዙ! መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ፖርቱ ጭራሽ አይወጣም።

መልቲሜትር፦ ኬብሉን ቀይር። የዳታ ሽቦ የሌለው የዩኤስቢ ኬብል ሞልቷል። ካልሆነ ከዩኤስቢው አጠገብ ያለውን ትንሽ ቺፕ አንብብ፤ ሲኤች340 የሚል ከሆነ ድራይቨሩን ጫን።

የተበሳጨ፦ ኬብሉ ስልክ በደንብ ቻርጅ ያደርጋል።

መልቲሜትር፦ ለቻርጅ ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። ለዳታ ሌላ ሁለት ያስፈልጋል።

ብየዳ፦ መበየጃ ስትገዛ ሙቀቱ የሚስተካከል ይሁን፣ 350 ዲግሪ አካባቢ።

ነጠላ ሽቦ፦ መበየጃ ማን ጠየቀ? ሰውየው ገና ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) እንኳ አልገዛም!

220 ኦም፦ ጀማሪው፣ ለየብቻ ግዛ። ባለ 830 ቀዳዳ ብሬድቦርድ፣ 10 ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፣ 20 ባለ 220 ኦም ሬዚስተር፣ 4 የሚጫን ቁልፍ (በተን)፣ አንድ መልቲሜትር (ቮልቴጅና ከረንት መለኪያ)። ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ከኡኖው 5 ቮልት የቀረውን 3 ቮልት ለ220 ስታካፍለው 14 ሚሊአምፔር ገደማ ይመጣል። ከአንድ ፒን ከ20 ባታልፍ ጥሩ ነው። አንዳንድ ብሬድቦርድ ላይ የዳርና ዳሩ የኃይል መስመር መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ግማሹ አልሠራ ሲልህ መጀመሪያ እሱን ለካ። ቁልፍ ስትሰካ ኮዱ ላይ ፒኑን ኢንፑት ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይነካ ፒኑን ከፍ ባለ ቮልቴጅ የሚይዝ) አድርገው። አለበለዚያ ሳትነካው በራሱ ይበራል ይጠፋል።

ጀማሪው፦ ተባረኩ። ሰርቮ ሞተር (ወዳዘዝከው አንግል የሚዞር ሞተር) በትንሿ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል?

220 ኦም፦ አይሆንም። ለትንሽ ሰርቮ ቮልቴጁ ይበዛበታል፤ ባትሪዋም ሞተር የሚፈልገውን ከረንት አትችልም። 4 ደብል ኤ ባትሪ በተከታታይ አያይዝ፣ ኔጌቲቩን ከቦርዱ ግራውንድ (ጂኤንዲ የሚል ፒን) ጋር አገናኝ። ግራውንዱ ካልተገናኘ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል።

የፒኮ ወዳጅ፦ ፒኮም ላይ እንደዚያው ነው።