በአባቴ ሥዕል ላይ ያለችው ቀይ

የሰዓሊው ልጅ፦ አባቴ ሰዓሊ ነበር። ስሙን ብጽፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለዛሬ ይቅር። ያደግኩት በተርፔንታይን፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ሽታ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ክፍሉ በር ሥር ብርሃን ይታየኛል። ማንኳኳት ክልክል ነበር። ስድስት ዓመቴ ላይ አንድ ማታ ዝም ብዬ ገባሁ። አልተቆጣም። ብሩሹን አስያዘኝ፣ እጄን በእጁ ያዘና «እዚች ጋ ቀይ አድርጊልኝ» አለኝ። ያቺ ቀይ ዛሬም ሸራው ጥግ ላይ አለች። ስለ ሥዕሉ የሚጽፉ ሰዎች «የአብዮቱ ደም ናት» ይላሉ። እኔ ሳያት የእጁ ሙቀት ነው የሚሰማኝ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

የሐረር ልጅ፦ ተናገሪ እንጂ እህቴ! ሰዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ተመልከቺ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ይዞ መጣ። እኔ ግን «ጎልጎታ» የሚለውን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር አባትየው ትዝ ይሉኛል። የቤት ታሪክ ሥዕሉን አያሳንሰውም።

ሸራ ወጣሪ፦ ጻፊው። ሸራው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንዳትጽፊ ብቻ፣ አደራ! ቀለሙ ዘልቆ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። በወረቀት ጽፈሽ፣ ቀን አድርገሽበት፣ ከሥዕሉ ፎቶ ጋር አስቀምጪው። የትኛው ጥግ እንደሆነም ምልክት አድርጊ።

የሰዓሊው ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ያን ቀን ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት።