ጥሻ ደን ይባላል ወይስ አይባልም?

አወያይ፦ ባለፈው አንድ አባላችን «ጥሻ ማለት ገና ያልተመነጠረ መሬት ነው» ብለው ጽፈው ነበር። ግማሹ ሰው ተቆጣ፣ ግማሹ ደገፋቸው። እስቲ ዛሬ እንጨርሰው። ቁጥቋጦ የሸፈነው መሬት ከደን ይቆጠር?

የደን ባለሙያ፦ አይቆጠርም። ልኬት አለን እኮ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ደን የሚለው ከ0.5 ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚበልጡ ወይም እዚያ ሊደርሱ የሚችሉ፣ ጥላቸው ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን መሬት ነው። ቁጥቋጦ የራሱ መደብ አለው፤ «ሌላ ዛፍ ለበስ መሬት» ይባላል። ሁሉንም ደን ካልነው ትልቅ ዛፍ ተጨፍጭፎ ጥሻ ሲተካው መዝገቡ ምንም አልጠፋም ይለናል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ተርጓሚ፦ «ሌላ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ስም የሌለው ነገር ነው ሌላ የሚባለው። እኛ ግን ስም ሞልቶናል። ብቻውን የቆመው ቁጥቋጦ ነው። ተያይዞ ሰው የማያሳልፍ ሲሆን ጥሻ ነው። የተተወ እርሻ ላይ የሚወጣው ዳዋ ነው፤ «ማሳውን ዳዋ በላው» የምንለው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛ ለቁጥቋጦውም፣ ለቀበሮ ጅራትም፣ ለቅንድብም «ቡሺ» ብሎ ያልፋል። እኛ ለአንበሳው ጎፈር፣ ለሰው ጎፈሬ፣ ለቅጠሉ ችፍግ ያለ እንላለን። ይህን ሁሉ የሚለይ ቋንቋ ይዘን ለመሬቱ ሲሆን «ጥቅም የሌለው ቁጥቋጦ» ብለን እንጽፋለን። እንዲህ ያለ ሐረግ ከሰፈረ በኋላ የሚከተለው ምንጣሮ ነው። ደን ሲሆን መንካት ያስፈራል፤ ጥሻ ሲሆን «ይጽዳ» ይባላል።

ከብት አርቢ፦ ከብት ያልነዳ ሰው ስለ ጥሻ አሳምሮ ማውራቱን ያውቅበታል። የእኛ ግጦሽ ሣር ነበር። እሾሃማው ቁጥቋጦ ከዳር ጀምሮ ገባ። ሣሩ ጥላ ሥር ሳሳ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ላሚቱ ጡቷን እሾህ እየቧጠጣት ነው የምትወጣው። እና ይሄን ደን ብላችሁ አትንኩ ልትሉኝ ነው?

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ አባባ፣ ልክ ነዎት። ሣር ምድርን እየወረረ የሚስፋፋ ቁጥቋጦ በብዙ የአፍሪካ አገር ያለ ችግር ነው። መነሻው ብዙ ነው፤ ከልክ ያለፈ ግጦሽ አለ፣ ቁጥቋጦውን ይቆጣጠር የነበረው እሳት መጥፋቱ አለ። ከጥንት በቦታው ያለው ጥሻ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ቀን ተንበርክኬ የእሾህ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ገለጥ አደረግሁ። ግንዱ ሥር እርጥብ የረገፈ ቅጠል ተነባብሯል። መሐሉ ላይ ሁለት ቅጠል ያወጣች የዛፍ ችግኝ አለች። ፍየል አይደርስባት፣ ፀሐይ አያቃጥላት። ያን እሾህ ብንመነጥረው የነገዋ ዛፍ አብራ ትሄዳለች።

እንስሳቱንም አስቡ። ድኩላ ኑሮዋ ጥሻ ውስጥ ነው። ጥቁሩ አውራሪስ ሾል ያለ ከንፈሩ የተሠራው ቁጥቋጦ ለመቀንጠብ ነው፤ ሣር የሚግጠው ነጩ ነው። ደቡብ አፍሪካ አዶ የሚባል ቦታ ዝሆኖቹ በአደን አልቀው ፓርኩ በ1931 እ.ኤ.አ. ሲከለል 11 ብቻ ቀርተው ነበር። መደበቂያቸው ያ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ነው። ዛሬ ከ600 በላይ ሆነዋል።

የደን ባለሙያ፦ ይሄን አልክድም። ግን ደን ካላልነው ይጠፋል ማለት ነው?

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ ደን ብለነውም ሊጠፋ ይችላል። እዚያው አገር፣ ኬፕ አካባቢ፣ ፋይንቦስ የሚሉት ቁጥቋጦ አለ። አካባቢው ወደ 9,000 የተክል ዝርያ የያዘ ነው። ከውጭ የመጣ ጥድ (ፓይን የሚባለው) ሲገባበት ውኃውን መጠጠው። በ1995 እ.ኤ.አ. መንግሥት ወራሪ ዛፎችን የሚያስቆርጥ ፕሮግራም ጀመረ። ዛፍ ሁሉ በረከት አይደለም፤ ቁጥቋጦም ሁሉ የዛፍ ድሃ ዘመድ አይደለም።

ተርጓሚ፦ ባለሙያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ልኬት መሠረት፣ ዛፉ ተቆርጦ ባዶ የቀረ መሬት እንደገና ይበቅልበታል እስከተባለ ድረስ ደን ነው። ጉቶ ደን ከሆነ ለጥሻ ስሙን መንፈግ ምን ፍትሕ አለው? ቁመቱስ ቢሆን የተመረጠ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የአየር ንብረት ለውጥን የሚመለከተው የማራካሽ ስምምነት፣ አገሮች ደን የሚይዘውን ካርቦን ሲቆጥሩ የዛፉን ዝቅተኛ ቁመት ከ2 እስከ 5 ሜትር ባለው ውስጥ እንዲመርጡ ፈቅዷል።

የደን ባለሙያ፦ እሺ፣ ቁመቱ የሰው ውሳኔ መሆኑን ተቀብያለሁ። መቀላቀሉን ግን አልቀበልም። ጥሻ ለብቻው ይቆጠር። «ሌላ» ይውጣና በስሙ ይግባ። ሲመነጠርም እንደ ደን ይጠየቅበት።

ከብት አርቢ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግጦሼን የበላውን ግን ዳዋ ብላችሁ ጻፉልኝ። ጥሻ አትበሉት። ጥሻ አውቃለሁ፤ ድኩላ የሚወጣበት ነው። እዚህኛው ውስጥ ድኩላ አይቼ አላውቅም።