የጓሳ ጥናቴ ማይንድ ማፕ 214 ኖድ ደርሶ ተደበላለቀብኝ፤ ፕሮግራሙን ልቀይር ወይስ አደራደሩን?

የመሐል ሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ሆኜ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው። ጽሑፌ በመንዝ ጓሳ፣ በደጋው የሣር ምድር ላይ ነው፤ ሰዉ ሣሩን ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ጠብቆ እንዳቆየው። ያነበብኩትንም ሽማግሌዎች የነገሩኝንም ማይንድ ማፕ (ሐሳብን ከመሃል ወደ ቅርንጫፍ የሚዘረጋ ሥዕል) ላይ ሳሰፍር ቆየሁና አሁን 214 ኖድ፣ ማለትም 214 የቃል ሳጥን ደርሷል። መሃል ላይ «ጓሳ» አልኩ፤ ዙሪያውን ስድስት ቅርንጫፍ አወጣሁ፤ ታሪክ፣ ሕግ፣ ሣር፣ የዱር እንስሳት፣ ሰው፣ ችግሮች። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር።

ጣጣው «ቄሮ» ላይ መጣ። ጓሳን የሚዘጋውና የሚከፍተው የድሮው ሥርዓት ማለቴ ነው። ታሪክ ስር ይግባ? ሕግ ስር? ሰው ስር? ሦስቱም ጋ ጻፍኩት። አሁን አንዱን ሳስተካክል ሌላው እንዳለ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት በኤ3 ወረቀት አሳትሜ ለአማካሪዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አስጠጉት፣ አራቁት፣ ከዚያ «ዓይኔ በየት ይግባ?» አሉኝ። የምለው አጣሁ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። መብራት ይጠፋል፣ ዳታውም ቶሎ ያልቃል። እስካሁን የሠራሁት በኢንተርኔት ማይንድማይስተር ላይ ነው። ላፕቶፕ ላይ ከሚጫኑት ፕሮግራሞች ፍሪፕሌን ይሻለኛል ኤክስማይንድ? ወይስ ሌላ አለ? እባካችሁ የሠራችሁበትን ንገሩኝ።

ጠባሴ፦
እህቴ፣ መብራትና ዳታ እያስቸገረሽ በኢንተርኔት የሚሠራ ነገር ላይ አትቆዪ። ማይንድማይስተር በነፃው የሚሰጥሽም ጥቂት ማፕ ብቻ ነው። እኔ ፍሪፕሌን ነው የምጠቀመው። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መልኩ ብዙም አያምርም፣ ግን እጅሽ ሲለምደው ማውሱን ትረሺዋለሽ። ታብ ስትጫኚ ከስሩ ልጅ ኖድ ይወጣል፣ ኢንተር ስትጫኚ ከጎኑ እህት ኖድ ይመጣል፣ ስፔስ ስትጫኚ ቅርንጫፉ ይታጠፋል። 214ቱን አጣጥፈሽ ስድስት ብቻ ማየት ትችያለሽ። ሌላው የምወድለት ነገር ፋይሉ ተራ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ ነገ ፕሮግራሙ ባይኖርሽ እንኳ በኖትፓድ ተከፍቶ ይነበባል፣ ልፋትሽ ሜዳ ላይ አይቀርም። ፊደላችን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየሽ አትደንግጪ፣ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጊው።

ኤክስማይንድ መልኩ ያምራል፣ ይህን አልክድም። ግን እንዳንቺው ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ከብሮውዘር ጋር አብሬ ስከፍተው ይከብደኝ ነበር።

ቄሮን አንድ ቦታ ብቻ ተዪው። ወደ ሌሎቹ በማገናኛ መስመር ሳቢው።

ጣርማበር፦
ጠባሴ ያለው ልክ ነው። ግን ፍሪፕሌን ላይ ብትወስጂውም ያው ጣጣ ይከተልሻል። ማይንድ ማፕ ዛፍ ነው፤ እያንዳንዱ ኖድ አንድ ወላጅ ብቻ ነው ያለው። የጓሳ ነገር ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ሣሩን ብቻ እዪው እስቲ። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ውስጡ አይጥ ይኖራል፣ አይጡን ቀይ ቀበሮ ይበላዋል። ሣሩ እንዳያልቅ ቄሮ ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ቄሮ ደግሞ በቀደሙት አባቶች በአስቦና በጌራ ተወላጆች ላይ የቆመ ነበር፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይህ ሁሉ ተናጋ። አሁን ይህን በየትኛው ቅርንጫፍ ትሰቅዪዋለሽ?

ላንቺ የሚሆነው ኮንሰፕት ማፕ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እነ ጆሴፍ ኖቫክ ልጆች ሳይንስ እንዴት እንደሚገባቸው ሲያጠኑ ያወጡት ነው። ልዩነቱ መስመሩ ላይ ነው፤ በሁለት ሳጥን መካከል ያለው መስመር ላይ ቃል ይጻፋል። ሲማፕ ቱልስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ላፕቶፑ ላይ ይጫናል። ከአንዱ ሳጥን ቀስቱን ጎትተሽ ስትለቂው መስመሩ መሃል አራት የጥያቄ ምልክት ይዞ ይመጣል። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ማይንድ ማፕ ላይ «ሣር» እና «ቄሮ» በመስመር ከተያያዙ አለቀ፣ ማንም አይጠይቅሽም። እዚህ ግን ቄሮ ሣሩን ምን ያደርገዋል? ይዘጋዋል? ያካፍለዋል? ይጠብቀዋል? ግሱን ካላወቅሽው ነገሩን ገና አላወቅሽውም ማለት ነው፣ በራሴ ስላየሁት ነው የምልሽ።

ከዚያ በፊት ግን ላፕቶፑን ዝጊው። ሃያ ሃያ አምስት ቃል በወረቀት ቁራጭ ጻፊና ወለሉ ላይ ዘርጊው። ከላይ አንድ ጥያቄ አስቀምጪ፣ ለምሳሌ «ጓሳ እስከ ዛሬ ለምን አልጠፋም?»። የአማካሪሽ ዓይን በዚያ ይገባል። ጥያቄውን የማይመልስ ወረቀት ይነሳ።

ሸዋሮቢት፦
214ቱን ግን እንዳትጥዪው! እሱ ጎተራሽ ነው። ፍሪፕሌን ላይ ይቀመጥ፤ ሽማግሌ የነገረሽን በአንድ ቀለም፣ ያነበብሽውን በሌላ ቀለም አድርጊው። ጽሑፍሽን ስትከላከዪ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ማለታቸው አይቀርም። ረጅሙን የሽማግሌዎች ቃል ኖዱ ላይ ሳይሆን ከኖዱ ጋር በሚያያዘው ማስታወሻ ውስጥ ክተቺው፣ ማፑ ይተነፍሳል። አንድ ወረቀት ላይ ከሠላሳ ሳጥን በላይ አታሳትሚ፣ አይነበብም።

የመሐል ሜዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። 23 ወረቀት። ቄሮን መሃል ላይ አድርጌ በየመስመሩ ቃል መጻፍ ጀመርኩ። ሣሩን «ይዘጋዋል»፣ ሰዉን «ያስማማል»፣ እስከዚህ ጥሩ ሄደ። «ቄሮ» እና «ቀይ ቀበሮ» መካከል ስደርስ ቆምኩ። «ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት። አንድም ሽማግሌ ለቀበሮው ብለን ዘጋነው አላለኝም። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ክዳኑና ስለ ሣሩ ነው። ቀበሮው የተረፈው በሣሩ ሰበብ ነው ማለት ነው? ወይስ እኔ ሳልጠይቃቸው ቀርቼ ነው? ማይንድ ማፑ ላይ እኮ ሁለቱ በተለያየ ቅርንጫፍ ስለነበሩ ይህን ጥያቄ ጭራሽ አላየሁትም።

ያቺን መስመር ባዶ ትቻታለሁ። ቅዳሜ መሐል ሜዳ እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።