ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ቤት መግዛት፦ ካርታ ያለው ጠባብ ግቢ ወይስ ደብተር ያለው ሰፊ ቦታ?

የማርቆስ ተከራይ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በደብረ ማርቆስ የመንግሥት ሠራተኞች ስንሆን የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ኪራዩ በየጊዜው ስለሚጨምር፣ ልጆቻችንም የሚጫወቱበት ግቢ ስለሌላቸው፣ ባጠራቀምነውና ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን በምንበደረው ገንዘብ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ለመግዛት አስበናል። የባለቤቴ ወላጆች በሉማሜ አካባቢ ስለሚኖሩ የምንፈልገው በዚያው በደጀን መንገድ ነው።

ደላላው ሁለት ቤት አሳይቶናል። አንደኛው በዚያው መንገድ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ካርታ ያለው፣ ግቢው ግን ከሁለት ክፍል ቤትና ከአንዲት ጓሮ የማያልፍ ነው። ሁለተኛው ከከተማው የመጨረሻ ቤቶች አለፍ ብሎ የሚገኝ የገበሬ ይዞታ ሲሆን፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት፣ የውሃ ጉድጓድና የባሕር ዛፍ ተክል አለው። ስፋቱ ከመጀመሪያው ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ዋጋው ግን ግማሽ ያህል ነው። ባለቤቱ አረንጓዴ ደብተር እንዳለው፣ ውሉም በሽማግሌዎች ፊት በምስክር እንደሚጻፍ፣ የከተማው ፕላን በቅርቡ ስለሚደርስም ካርታ እንደሚወጣለት ነግሮናል። ልባችን ያዘነበለው ወደዚህኛው ነው። ስለ ሕጉም ሆነ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ስለመኖር የምታውቁትን ብታካፍሉን እናመሰግናለን።

የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የነበረ

በቅድሚያ ሻጩ በእጁ ያለው መብት ምን እንደሆነ መታየት አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ይኸው አንቀጽ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤትና ያደረገውን ቋሚ ማሻሻያ የመሸጥና የማውረስ መብት ይሰጠዋል። በከተማው ውስጥ ያለውን ቤት ቢገዙ የሚገዙት ቤቱን ነው፤ ይዞታውም ቤቱን ተከትሎ በአስተዳደሩ መዝገብ ወደ ስምዎ ይዞራል።

ሁለተኛው ቦታ ላይ ግን ገንዘቡ የሚከፈለው በአብዛኛው ለመሬቱ መሆኑን ዋጋው ራሱ ይናገራል፤ አንዲት የጭቃ ቤት ያን ያህል አታወጣም። አረንጓዴው ደብተር ገበሬው መሬቱን የመጠቀም መብት እንዳለው ያረጋግጣል፤ የመሸጥ ሥልጣን አይሰጠውም። ባለትዳር ከሆነ የሚስቱም ስም በደብተሩ ላይ ስለሚኖር እርሱ ብቻውን የሚፈርመው ነገር በዚያም በኩል ጎደሎ ነው። ውሉን «ስጦታ» ወይም «የረጅም ጊዜ ኪራይ» ብሎ መጻፍ በአካባቢያችን የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ የተደበቀው ነገር የመሬት ሽያጭ መሆኑ ሲረጋገጥ ውሉ ፈራሽ ይሆናል። የሚቀርልዎ የከፈሉትን ብር መጠየቅ ብቻ ነው፤ ያም ብሩ የመግዛት አቅሙን ካጣ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፕላኑ የተነገራችሁ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከተማ ሲሰፋ የገበሬ ይዞታ የሚወሰደው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በተደነገገው ሥርዓት ነው። ካሳውም ሆነ ምትክ ቦታው የሚሰጠው ሕጋዊ ባለይዞታ ሆኖ ለተመዘገበ ሰው በመሆኑ፣ ፕላኑ በደረሰ ቀን ገበሬው ይካሳል፤ እናንተ ግን በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

የመጀመሪያው ቤትም ቢሆን ካርታ ስላለው ብቻ አይታመንም። ካርታው በከተማው አስተዳደር ካለው ማኅደር ጋር መመሳከር አለበት፤ በባንክ ዕዳ መያዙንና የፍርድ ቤት እግድ ያለበት መሆኑንም የሚነግራችሁ ይኸው ማኅደር ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ በፊርማ ይረጋገጥ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ስለዚህ ደላላው ቤት የተጻፈ ውል አይበቃም። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት፣ ማለትም መሬቱን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደ መያዝ፣ ይገባል። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ቢሆንም ክፍያ ስላለው ከመዋዋላችሁ በፊት መጠኑን ከአስተዳደሩ ጠይቁ። ስም ሲዛወርም የዋጋው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። ይህን ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲጻፍ ቢጠየቁ እሺ አይበሉ፤ ነገሩ ወደ ክርክር ቢሄድ የከፈሉት ሆኖ የሚታየው የተጻፈው ነው።

አናጺ ከየትኖራ

ስለ ሕጉ በቂ ስለተባለ ስለ ቤቱ ልጨምር። በዚያ መስመር ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መሠረቱ ጥቁሩን አፈር ዘልቆ ጠንካራው ላይ ካላረፈ ግድግዳው በየዓመቱ ይላቀቃል። ስለዚህ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ፣ በአዲስ ምርግ ወይም በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ቢሆንም እንኳ፣ ምክንያቱን ጠይቁ። ለመሸጥ ሲባል ብቻ የተቀባ ግድግዳ እኔን ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚው ባሕር ዛፍ መሬት የሚነካበትን ቦታ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ምስጥ በልቶታል። ባሕር ዛፉ ለጉድጓዱና ለግድግዳው ምን ያህል እንደቀረበም ተመልከቱ፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ሥሩም መሠረት ይረብሻል። መጸዳጃው ከጉድጓዱ በላይ በኩል መሆን የለበትም፤ ርቀታቸውም ቢያንስ 30 ሜትር እንዲሆን ይመከራል። ጠባብ ግቢ ውስጥ ይህ ርቀት አይገኝምና እዚያ የቧንቧ ውሃ መግባቱን አረጋግጡ። ከአስፋልቱ ቱቦ የሚወጣው ጎርፍ ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ደግሞ ቤቱን በሐምሌ ማየት እንጂ በጥር አይቶ መወሰን አይበቃም።

ባለ ጓሮ

ከላይ የተጻፈው በወረቀት ትክክል ነው። እኔ ግን በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ውል በያዝሁት ቦታ ላይ ቤት ሠርቼ፣ ጌሾና ጎመን ተክዬ፣ ከሰፈሩ እድር ገብቼ እኖራለሁ፤ እስከ ዛሬ ውጣ ያለኝ የለም። ሕግ ሕግ እያልን ሁላችንም በኪራይ ቤት ልናረጅ ነውን? የገበሬ ቃልና የሽማግሌ ምስክርነት በጎጃም ትልቅ ነገር ነው።

የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የነበረ

የሽማግሌን ክብር አልነካም፤ ብዙ ጠብ ያበረዱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ማንም ያልነካዎት፣ ቃል የሰጠዎት ሰው በሕይወት ስላለ ሊሆን ይችላል። እርሱ ሲያልፍ የሚከራከርዎ በውሉ ዕለት ያልነበረ፣ ምናልባትም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወራሽ ነው። ያኔ ሽማግሌዎቹ እውነቱን ቢመሰክሩም የሚያረጋግጡት የመሬት ሽያጭ መደረጉን ነው፤ ያ ደግሞ ውሉን ያፈርሰዋል እንጂ አያጸናውም።

ጤና ጣቢያ የምሠራ እህታችሁ

እኔ ከትንሽ ከተማ እየተመላለስሁ ስለምሠራ ስለ ኑሮው ልናገር። ጠዋት መኪና ይገኛል፤ የሚያስቸግረው ማታ ነው። ከመሸ ሚኒባስ ስለማይገኝ ከሥራ መውጫ ሰዓታችሁ ጋር አስተያዩት። መንገድ በሚዘጋበት ቀን ከሥራ መቅረት እንዳለም አስቡበት፤ በዚህ ጊዜ ይህን ሳያስቡ መወሰን አይቻልም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ከቤቱ ዋጋ ጋር ይቆጠር።

በሌላ በኩል እህል ከአውድማ ሲመጣ በቀጥታ ከገበሬው ትሸምታላችሁ፤ ልጆችም በሰፈሩ ሁሉ ዓይን ይጠበቃሉ። ያው ዓይን እናንተንም ይጠብቃችኋል። ለቅሶ የቀረ ሰው ምክንያቱ ሥራም ቢሆን ሰፈሩ ይታዘበዋል፤ ማርቆስ ላይ የለመዳችሁት ማንም ሳያውቃችሁ የመኖር ነፃነት እዚያ የለም። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ግን እስኪለምደው ብዙ አጉረምርሟል። ብትችሉ አንድ ክረምት እዚያው ተከራይታችሁ ኑሩ፤ ጭቃውንም ጎረቤቱንም ታውቁታላችሁ።

የማርቆስ ተከራይ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ሁለተኛውን ቦታ ትተነዋል። ወደ መጀመሪያው ቤት ተመልሰን ስንጠይቅ ግን ካርታው በሻጩ ሟች አባት ስም እንደሆነ ተረዳን። ሻጩ «እኔ ወራሽ ነኝ፣ ቀብድ ስጡኝና ስሙን አዛውራለሁ» ይላል። ይህ እንዴት ይታያል?

የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የነበረ

የማይቻል ነገር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ ሻጩ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጣ፤ በዚያ ላይ ወንድምና እህቶቹ፣ እናቱም በሕይወት ካሉ የእርሳቸው ድርሻ ይታወቃል። ቀጥሎ ካርታው በውርስ ወደ ወራሾቹ ስም ይዛወር። ከዚያ በኋላ ድርሻ ያላቸው ሁሉ ራሳቸው ወይም በሕጋዊ ውክልና ቀርበው የሽያጩን ውል ይፈርሙ።

ቀብድን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውሉን የሚያፈርሰው ቀብድ የሰጠው ወገን ከሆነ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከሆነ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ይህ የሚጠቅማችሁ ግን የተቀበለው ሰው ለመሸጥ መብት ኖሮት፣ እጥፉን የሚመልስበትም ገንዘብ ካለው ነው። አሁን ባለበት ሁኔታ ሻጩ የራሱን ድርሻ እንኳ መጠን አላረጋገጠም። ለፍርድ ቤቱ ወጪ ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ፣ ማረጋገጫው በእጁ እስኪገባ ሌላ ገዢ እንዳያነጋግር በጽሑፍ ተስማሙና ጠብቁት፤ ቀብዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።