ጉም የለበሰ የጫካ ጅረት ፎቶ ማንሳት አስቸግሮኛል
ማለዳ በጫካ ውስጥ ጉም የለበሰ ጅረት ፎቶ ለማንሳት ደጋግሜ ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ ልምዱ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ነጩን ጉም ግራጫ ያደርገዋል፤ ይህን ለማረም 1 ስቶፕ ስጨምር (ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ ሳሳድግ) ደግሞ በቅርንጫፎች መካከል የሚታየው ሰማይ ዝርዝሩን አጥቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የውሃውን ነጸብራቅ ለመቀነስ የምጠቀምበት ፖላራይዘር (የሌንስ ማጣሪያ) ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ስለሚወስድብኝ፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 100 የሹተሩ ጊዜ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ እስከ 2 ሰከንድ ይረዝማል፤ ውሃው ለስልሶ መታየቱን ብወደውም ቅጠሎቹ በነፋስ እየተንቀሳቀሱ ይደበዝዛሉ። ይህን ጊዜ ለማሳጠር አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ ማድረግ በጨለማው የዛፎቹ ጥላ ላይ ጉልህ ነጠብጣብ ያመጣብኝ ይሆን? ለሰማዩስ በተለያየ ብርሃን የተነሱ ሁለት ምስሎችን ማዋሃድ ይሻላል ወይስ ከነጭራሹ ከፍሬሙ ማስወጣት? ጉሙ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ማዋሃዱ ያሰጋኛል።