ስዊንግ አውታችን ፍጥነት ሲጨምር ይፈርሳል፦ ደሴ ላይ አስተማሪ ሳይኖር ሊንዲ ሆፕ እንዴት ይሻሻላል?

ጦሳ_ግርጌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ሊንዲ ሆፕ (በስዊንግ ጃዝ ሙዚቃ በጥንድ የሚደነስ የአሜሪካ ዳንስ) የምንለማመድ አምስት ልጆች ነን፤ ሦስት መሪ፣ ሁለት ተከታይ። አስተማሪ ስለሌለን የምንማረው ከቪዲዮ ነው። ሮክ ስቴፕ (ወደ ኋላ ረግጦ መመለስ)፣ ትሪፕል ስቴፕ (በሁለት ምት ሦስት እርምጃ)፣ ባለ ስድስት ምት መዞሪያዎችን ይዘን ስዊንግ አውት (ተከታይዋ መጥታ ከመሪው ጋር ዞራ የምትወጣበት ባለ ስምንት ምት ስቴፕ) ላይ ደርሰናል። በደቂቃ 130 ምት በሚሄድ ዘፈን ሁሉም ነገር ደህና ነው። 170 አካባቢ ሲደርስ ግን ስዊንግ አውቱ ይፈርሳል፤ ተከታዮቹ «ትጎትታላችሁ» ይሉናል፣ ትሪፕሉም ይጠላለፋል።

ፍጥነት ሲመጣ የሚበላሸው ምኑ ነው? አዲስ ስቴፕ እንጨምር ወይስ ያለንን እናጥራ? ደግሞ የምንለማመደው ሲሚንቶ ወለል ላይ በስኒከር ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው ልጆች አሉ። የምታውቁ ብትመክሩን።

ስምንት_ምት፦
ወንድሜ ጦሳ፣ ከጉልበቱ ልጀምር፤ ሌላው ቢዘገይም ችግር የለውም።

የስኒከር ጎማ ሲሚንቶውን ነክሶ ይይዛል። ሰውነት ዞሮ እግር ካልዞረ ጥምዘዛው የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። በሊንዲ የሚዞረው ከጣቶች ግርጌ ባለው የእግር ክፍል ስለሆነ የጫማው የፊት ግማሽ መንሸራተት አለበት። ተረከዙ ጎማ እንደሆነ ይቅር፣ ፍሬን ነው። ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ጫማ ሰፊ ጋ ሂዱ፣ የሶሉ የፊት ግማሽ ላይ ቆዳ ይለጥፍላችሁ። የፊት ግማሹን በብርጭቆ ወረቀት ያሻክረው፣ ጎማውንም ቆዳውንም ማስቲሽ ይቀባ፣ እጅ ላይ የማይነሳ እስኪሆን ይጠብቅ፣ ከዚያ ገጥሞ በመዶሻ ይምታው። ማስቲሹ ሳይጠነፍፍ ከተገጠመ በመጀመሪያው ልምምድ ይላጣል። ለሲሚንቶ ጠንካራና ልሙጥ የሶል ቆዳ ይሻላል፤ ሻካራው የቆዳ ጀርባ ለእንጨት ወለል ጥሩ ቢሆንም ሲሚንቶ ቶሎ ይበላዋል። ቆዳው እስኪገኝ ድረስ የአሮጌ ካልሲ ጣት ቆርጣችሁ ስኒከሩ ፊት ላይ አጥልቁ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። በአንድ እግር ቆማችሁ በአንድ ግፊት ዙሩ። ሩብ ዙር ሳይሞላ ከቆመ ይነክሳል፣ ከአንድ ዙር በላይ ከሄደ ደግሞ በጣም ያንሸራትታል። ወለሉን ከመጀመራችሁ በፊት ጠርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፤ ሲሚንቶ ላይ ያለ ደቃቅ አሸዋ አንዴ ይነክሳል፣ አንዴ ያንሸራትታል። ያበጠ ጉልበት ያለው ልጅ ካለ ጫማ ቀይሮ አይቀጥል፤ ይረፍ፣ ይታከም። ማንሳትና መወርወር ያለባቸውን ስቴፖች ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ፈጽሞ አትሞክሩ።

አሁን ወደ ስዊንግ አውቱ። በ170 የሚፈርሰው ነገር በ130ም አለ፤ ዝግ ባለ ዘፈን ጊዜ ስለሚኖር በክንድ ጉልበት ይሸፈናል። በ130 ስምንቱ ምት 3.7 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፣ በ170 ግን 2.8 ብቻ። ስለዚህ ምት በምት እዩት።

1 ላይ ሁለቱም ይርቃሉ፣ የተያያዘው እጅ ይወጠራል። እዚህ ጋ ብዙ መሪ ክርኑን አጥፎ ይስባል፤ «ትጎትታላችሁ» የሚሏችሁ ይህንን ሊሆን ይችላል። መራቅ ያለበት ዳሌና ደረት ነው፣ ክንድ ዝም ብሎ አብሮ ይሄዳል። ክርን ከጎድን አጥንት ወደ ኋላ ካለፈ ጎትተሃል ማለት ነው። 2 ላይ የሰውነትህ ክብደት ወደ ፊት ሲመለስ ተከታይዋ መምጣት ትጀምራለች፤ አንተ ከመስመሯ ወጥተህ በቀኝህ በኩል ታሳልፋታለህ። 3 እና 4 ላይ ቀኝ እጅህ ጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻ አጥንቷ ግርጌ ያርፋል፤ ሁለታችሁም አብራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ትዞራላችሁ። መሪው መስመሯ ላይ ከቆመ እሱን ዞራ ለማለፍ ትገደዳለች፤ በ2.8 ሰከንድ ውስጥ ያ ትርፍ መንገድ አይሸፈንም። 5 ላይ ቀኝ እጅ ይከፈታል፣ አይገፋም። መዞሩ በትክክል ከመጣ እጁን መክፈት ብቻ ይበቃታል። 6 ላይ ወደ መጣችበት ትወጣለች፣ በ7 እና 8 ትሪፕል እጁ ቀስ ብሎ እንደገና ይወጠራል። ያ ውጥረት ለሚቀጥለው 1 ስንቅ ነው፤ 8 ላይ እጁ ላልቶ ከቀረ የሚቀጥለው ስዊንግ አውት የግድ በመጎተት ይጀምራል።

ትሪፕሉ የሚጠላለፈው ሰፊ ስለሆነ ነው። ሦስቱ እርምጃዎች ከሰውነት ሥር አይውጡ፤ ሙዚቃው ሲፈጥን እርምጃው ያጥራል። ከ200 በላይ ሲሆን ትሪፕሉን በአንድ እርምጃና በአንድ ማቆያ መተካት ይቻላል። ሦስት ጊዜም ሆነ አንድ ጊዜ ክብደት ብትቀይር ቀጥሎ የሚነሳው እግር ያው ስለሆነ ምንም አይፋለስም።

ፍጥነቱን በስልክ ሜትሮኖም (ምት የሚመታ መተግበሪያ) አምስት አምስት ምት ጨምሩ። ስምንት ንጹሕ ስዊንግ አውት በተከታታይ ሲወጣ ወደ ላይ፣ ሲፈርስ አሥር ወደ ታች።

ስለ አዲስ ስቴፕ፦ ለጊዜው ስዊንግ አውት ከክፍትና ከዝግ አያያዝ፣ ሊንዲ ሰርክል፣ ታክ ተርን እና ጎን ለጎን ቻርልስተን ይበቃሉ። ከዚያ ውጭ ጊዜ ከተረፈ ለብቻ በሚደነስ ጃዝ ላይ ይዋል። ሺም ሻም የሚባለው ቅደም ተከተሉ የታወቀ የብቻ ዳንስ አንድ ሰው ጓዳው ውስጥ ሊያጠናው የሚችል ነው፤ ክብደት መቀየርን የሚያስተምረው ከብዙ የጥንድ ልምምድ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰኞ_ገበያ፦
«ስምንት ምት» የመሪውን ወገን በደንብ ነግሮሃል። የተከታይዋን ልጨምር፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሁልጊዜ የመሪው አይደለም።

ስዊንግ አውት መሆኑን ያወቀች ተከታይ 3 ላይ ገና ሳትደርስ ራሷን ታዞራለች። ያኔ መሪው እጁን ጀርባዋ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ቦታው ላይ የለችም፤ እሱም ለማካካስ ይስባል። በ3 ወደ ፊት መሄዷን ትቀጥል፣ የሚያዞራት እጁ ይሁን። ሲጨርሱም እንዲሁ ነው፤ በ5 እና 6 ወደ ኋላ መሸሽ ሳይሆን የተሰጣትን ግፊት እስኪያልቅ መራመድ። ክንዷ ላልቶ የተንጠለጠለ ከሆነ የመሪው እንቅስቃሴ ክርኗ ላይ ያልቃል፣ ሰውነቷ ጋ አይደርስም። ብብቷን ትንሽ ሰብሰብ ብታደርግ ይበቃል።

እጅ አያያዝ ደግሞ በጣቶች ማቆላለፍ ብቻ ይሁን። አውራ ጣት ከላይ ከጨመቀ የእጅ አንጓ መዞር አይችልም፣ መዞሪያ ላይም ያማል።

ውጥረቱን ለመማር ነጠላ ተጠቀሙ። ነጠላውን እንደ ገመድ ጠምዝዙት፣ በመካከላችሁ አንድ ሜትር ያህል እንዲቀር አድርጋችሁ ጫፍና ጫፉን ያዙ። ከዚያ ያለ ሙዚቃ 1 ብላችሁ ራቁ፣ 2 ብላችሁ ተመለሱ። ነጠላው ቀስ ብሎ መወጠር፣ ቀስ ብሎ መላላት አለበት። በድንገት ጧ ብሎ ከተወጠረ አንዳችሁ ክንድ ሰብስባችኋል፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይናችሁን የሁለታችሁም ክርን ላይ አድርጉ። እጅ ለእጅ ሲያያዙ የሚደበቀው ሁሉ ነጠላው ላይ ይታያል። ጨርቁ ቢቀደድ የማያሳዝን ይሁን እንጂ፣ የእናቶቻችንን አዲስ ነጠላ አትንኩ።

ሦስት መሪ ሁለት ተከታይ ላላችሁት፣ አምስታችሁም ሁለቱንም ወገን ተማሩ። በሊንዲ መሪም ተከታይም መሆን ለወንድም ለሴትም ክፍት ነው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ሲለማመዱ ቤተሰብ ፊት ለመለማመድ የሚከብዳቸው ልጆችም ይቀላቸዋል። በየሁለት ዘፈኑ አጋር ቀይሩ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የለመደ ዳንሰኛ የዚያን ሰው ጠባይ ይሸመድዳል፣ ሌላ ሰው ሲይዝ ግን ይጠፋበታል።

ቦርከና_ዳር፦
ከኮምቦልቻ ሰላም። ሁለቱም ስለ አካል ጽፈዋል፣ እኔ ስለ ጆሮ።

ወሎ ያደገ ሰው ችክችካን ስለሚያውቅ ትልቅ ጥቅም አለው። ችክችካ 6/8 ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ለሦስት የተከፈለ። ስዊንግ አራት ምት ሆኖ እያንዳንዱ ምት ለሦስት እንደተከፈለ ይሰማል፣ ግን መካከለኛው ዝም ይላል። ጭናችሁ ላይ 1-2-3፣ 1-2-3 እያላችሁ ምቱ፣ ከዚያ 2ን እጃችሁን አንሥታችሁ እለፉት። የቀረው ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር ነው። ትሪፕል ስቴፕ የሚራመደው በዚያ ላይ ነው፤ መካከለኛው እርምጃ ወደሚቀጥለው ምት ተጠግቶ፣ ዘግየት ብሎ ይወድቃል። እኩል ከፍላችሁ ከረገጣችሁት ደረቅ ይሆናል፣ 170 ላይም ከሙዚቃው ትቀድማላችሁ። ፍጥነቱ ከ200 በላይ ሲሄድ ደግሞ ክፍፍሉ ወደ እኩል ይጠጋል፤ እሱን ባንዱ ራሱ ያሰማችኋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ትከሻን ነው። እስክስታ የለመደ ሰውነት ምቱን ወደ ላይ ያወጣል፤ በሊንዲ ምቱ የሚቀመጠው ጉልበትና ዳሌ ላይ ነው፣ ወደ መሬት። መሪው እጅ እንደያዘ ትከሻው ከተንቀጠቀጠ ተከታይዋ መምራት ይመስላታል። እጅ ተለቆ ለየብቻ በሚደነስበት ቦታ ግን እስክስታ አስገቡ፣ ያምራል። ሊንዲ ሆፕ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሰፈር ውስጥ ሲወለድ ከምንጮቹ አንዱ ጥንዶቹ ተለያይተው የየራሳቸውን የሚያሳዩበት ብሬክአዌይ ነበር። ከምቱ ጋር እስከሄደ ድረስ የወሎ ትከሻ እዚያ ቦታ አለው።

ለመስማት የካውንት ቤዚን ባንድ ከ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሉትን ቅጂዎች አዳምጡ። የዋልተር ፔጅ ባስ በእያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ የፍሬዲ ግሪን ጊታርም አብሮት ነው። ከመለከቱ በፊት ባሱን ስትሰሙ ፍጥነቱ የሚያስፈራ መሆኑ ይቀራል። አጨብጭቡ ሲባል ደግሞ በ2 እና በ4 ነው፣ በ1 እና በ3 አይደለም።

አወቃቀሩንም ቁጠሩ። ብዙ የስዊንግ ዘፈን 32 ባር (አንዱ ባር አራት ምት) አለው፣ በስምንት ስምንት ባር ተከፍሎ። ስምንት ባር 32 ምት ነው፣ ማለትም አራት ስዊንግ አውት። ባለ ስድስት ምት ስቴፕ ስትቀላቅሉ ሐረጉ እንዳይዛነፍ አራት ባለ ስድስት (24) እና አንድ ስዊንግ አውት (8) አድርጉት፣ 32 ይሞላል። 12 ባር ያለው ብሉዝ ከሆነ 48 ምት ነው፤ ስድስት ስዊንግ አውት ወይም ስምንት ባለ ስድስት። ይህን ስትለምዱት ባንዱ የሚያቆምበትን ቦታ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጥቶ የሚለማመድ ሰው ካለም ልብ ይበል፤ ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው፣ ፈጣን ዘፈን ላይ ትንፋሽ ቀድሞ ያጥራል። መጀመሪያ ዝግ ባሉት መሞቅ ይሻላል።

ጦሳ_ግርጌ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፣ በተለይ ነጠላዋን ዛሬውኑ እንሞክራታለን። አንድ ልጨምር፦ አንዳንድ ቪዲዮ ላይ ቀጥ ብለው ይደንሳሉ፣ ሌላው ላይ ወደ መሬት ጎንበስ ብለው። የትኛውን እንከተል? አስተማሪ ሳይኖር መሻሻላችንንስ በምን እናውቃለን?

ስምንት_ምት፦
ሁለቱም ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 በተከፈተው የሃርለሙ ሳቮይ የዳንስ አዳራሽ የመጀመሪያዎቹ ዳንሰኞች ቀጥ ብለው ነበር የሚደንሱት። ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው መደነስን ያመጣው የሳቮዩ ዳንሰኛ ፍራንኪ ማኒንግ ነው። የእሱን ከመረጣችሁ የሚታጠፈው ዳሌና ጉልበት ነው፣ ወገብ ቀጥ ይላል። ወገብ ከጎበጠ ቆሞ መደነስ ይሻላል። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ፊልሞች የሚገኙት እጅግ ፈጣን ቪዲዮዎች ለመድረክ የተጠኑ ናቸው፤ ተደሰቱባቸው፣ ስቴፕ ግን ከእነሱ አትጀምሩ።

ለመሻሻሉ ስልክ ይበቃል። በወገብ ቁመት፣ ከጎን፣ እግር እስከ ራስ እንዲገባ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ዘፈን ቅረጹ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፦ የመሪው ክርን 1 ላይ ወደ ኋላ ያልፋል ወይ? የተከታይዋ መንገድ ቀጥ ያለ ነው ወይስ መሪውን እየዞረች ነው? 8 ላይ እጁ ተወጥሯል ወይስ ላልቷል? ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ የእግር ማረፊያውን ከባሱ ጋር አመሳክሩ። በወሩ መጨረሻ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው ቦታ፣ አጋር ቀይራችሁ እንደገና ቅረጹ።