ክብደቴ 104 ኪሎ ነው፤ በነጻ ውድቀት ጊዜ ፍጥነቴን እንዴት ልቀንስ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም። በቨርጂኒያ እየኖርሁ ኤኤፍኤፍ በሚባለው የሥልጠና መንገድ ስካይዳይቪንግ፣ ማለትም ከአውሮፕላን ወጥቶ ፓራሹቱ እስኪከፈት በነጻ መውደቅን፣ በመማር ላይ እገኛለሁ። አሰልጣኞች ግራና ቀኝ ይዘውኝ የምወርድባቸውን ደረጃዎች አጠናቅቄ፣ አሁን ማንም ሳይይዘኝ ከአንድ አሰልጣኝ ጋር እየዘለልሁ፣ በአሜሪካ ለመጀመሪያው ፈቃድ የሚጠየቁትን 25 ዝላዮች በማሟላት ላይ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ82፣ ክብደቴ ያለ ትጥቅ 104 ኪሎ ነው።

የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። ከአውሮፕላኑ ከወጣን በኋላ አሰልጣኜ ከፊት ለፊቴ በእኩል ከፍታ ሆኖ በእጅ ምልክት ሊያርመኝ ይገባል፤ ነገር ግን ጥቂት ሰከንዶች እንዳለፉ እኔ ከሥሩ እወርድና ከእይታው እርቃለሁ። እርሱ 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ሲሆን፣ እኔን ለመድረስ እጅና እግሩን ሰብስቦ ሲታገል በቪዲዮው ላይ በግልጽ ይታያል። የተሰጠኝ ምክር «ሰውነትህን ትንሽ ዘርጋ» የሚል ብቻ ነው፤ ስዘረጋ ደግሞ መወዛወዝ እጀምራለሁ፣ ወደ ኋላም እንሸራተታለሁ። ስለዚህ ከአካል አቋም፣ ከልብስና ከክብደት መቀነስ መካከል የትኛው ላይ ባተኩር ይሻላል? በፍጥነት መውደቁ በራሱስ አደጋ አለው? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ አሰልጣኝ ከዳላስ

ወንድሜ፣ ወደ ዘዴው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልዎ እፈልጋለሁ። እርስዎ ባሉበት ደረጃ ከተማሪው እኩል የመውረድ ኃላፊነት የአሰልጣኙ ነው። ከበድ ያለ ተማሪ የተመደበለት ቀላል አሰልጣኝ ጠበብ ያለና አየር የማይዝ ልብስ ይለብሳል፣ ይህም ካልበቃው እርሳስ የተሞላ የክብደት ቀበቶ ይታጠቃል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ በክብደት የሚቀራረብዎት አሰልጣኝ እንዲመደብልዎ ዋና አሰልጣኙን ያለ ምንም ሐፍረት ይጠይቁ። ተማሪው በክብደቱ ምክንያት ጥፋተኛ እንደሆነ እየተሰማው ከአውሮፕላን መውጣት የለበትም፤ የሚጨነቅ ሰው ሰውነቱ ይደርቃል፣ የደረቀ ሰውነት ደግሞ በአየር ላይ አይረጋም።

ከእርስዎ በኩል ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ ፈጣን ውጤት የሚሰጠው የዝላይ ቱታው ነው። ማዕከላት ለተማሪ የሚያውሱት ቱታ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለሰውነት እንዲበቃ ብቻ ተብሎ ነው፤ በእርስዎ ላይ ጥብቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ምንም የሚይዘው አየር የለም። ከጥጥ ወይም ከጥጥና ፖሊስተር ድብልቅ የተሠራ፣ በክንድና በእግር በኩል ሰፋ ያለ ቱታ ይጠይቁ፤ እንደ ሐር የሚያዳልጥ ናይለን አየሩን ስለሚያሾልከው ፍጥነት ይጨምራል። ከብብት እስከ ክርን ትንሽ ክንፍ የተሰፋባቸው ቱታዎችም አሉ፣ ለከባድ ዘላዮችም በእውነት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ክንዱ የሚይዘው አየር ሲጨምር የእጅ ትንሽ ስሕተትም ስለሚጎላ፣ አሰልጣኝዎ ሳይፈቅድ አይልበሷቸው። በሰፊ ልብስ ላይ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር የመያዣዎቹ ጉዳይ ነው፦ ከወገብ በታች ያለው የዋናው ፓራሹት መሳቢያ፣ በቀኝ ደረት ያለው የዋናው ፓራሹት ማላቀቂያ፣ በግራ ደረት ያለው የመጠባበቂያው ፓራሹት መሳቢያ ሦስቱም በትርፍ ጨርቅ ሊሸፈኑ አይገባም። ትጥቁን ታጥቀው መሬት ላይ እያሉ፣ ጎንበስ ብለውና እጅዎን ዘርግተው፣ እያንዳንዱን በመንካት ያረጋግጡ።

አሁን ወደ አካል አቋም ልለፍ። እስካሁን የተማሩት ዳሌን ወደ ታች ገፍቶ ሰውነትን እንደ ደጋን ማጉበጥን ነው፤ ይህ አቋም የሚያረጋጋው አየሩ በሁሉም ጎን እንዲሾልክ ስለሚያደርግ ነው፣ በዚያው ምክንያት ግን ያፋጥናል። ፍጥነት ለመቀነስ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ዳሌ በመጠኑ ከፍ ይላል፣ ትከሻ ወደ ፊት ክብ ይላል፣ ደረት ጎድጎድ ይላል፣ ክንዶች ራቅ ብለው ይዘረጋሉ፣ ጉልበቶችም ከፈት ይላሉ። «ስዘረጋ ወደ ኋላ እንሸራተታለሁ» ያሉት በትክክል ምን እየሆነ እንደሆነ ይነግረኛል። እጅዎን ብቻ ወደ ፊት እየዘረጉ እግርዎን እንደታጠፈ ትተውታል፤ ከፊት የያዙት አየር ከኋላው ስለሚበልጥ ይገፋዎታል። እጅ በተዘረጋ ቁጥር እግርም በተመሳሳይ መጠን መዘርጋት አለበት፤ የእግር ጣቶችዎን ወደ ኋላ ቀስረው ቅልጥምዎ አየሩን ሲገፋው ሊሰማዎ ይገባል። መወዛወዙ የሚመጣው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ለመሆን ሲሞክሩ ነው፤ የደጋኑን ቅርጽ በጥቂቱ ብቻ ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አያጥፉት። ለውጡን ካደረጉ በኋላ ትንፋሽዎን አውጥተው ለጥቂት ሰከንዶች ይጠብቁ፣ ውጤቱ ወዲያው አይታይምና።

ይህ ሁሉ ልምምድ ግን ከከፍታ ግንዛቤ በታች ነው። በዕቅዱ ላይ የተቀመጠው የመለያያ ከፍታ ሲደርስ፣ አሰልጣኙ የትም ይሁን የት፣ ፍጥነት ለመቀነስ የሚያደርጉትን ጥረት አቁመው ወደ ሙሉ ደጋን አቋምዎ ይመለሱና ፓራሹቱን በተረጋጋ ሰውነት ይክፈቱ። ከአሰልጣኝ ጋር ከፍታን ማስተካከል ለፈቃዱ ከሚሠለጥኑባቸው ችሎታዎች አንዱ ነው፤ ጊዜ ቢወስድ የሚጎዳዎ ነገር የለም።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

ከላይ የተሰጠውን ምክር በቁጥር ላግዘው። በነጻ ውድቀት ጊዜ ፍጥነት መጨመሩን የሚያቆመው የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ የአየሩ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ የመጨረሻው ፍጥነት የሚለወጠው በክብደቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። እርስዎ ከ16 ኪሎ ትጥቅ ጋር 120፣ አሰልጣኝዎ ደግሞ 82 ኪሎ ገደማ ናችሁ እንበል። የሁለታችሁ የሰውነት ስፋት እኩል ቢሆን ኖሮ የእርስዎ ፍጥነት በ21 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ ሰውነትዎ በ15 በመቶ ይሰፋል ብንል ልዩነቱ ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። ይህም አሰልጣኙ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ሲወርድ እርስዎ 215 ያህል ይወርዳሉ ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት የምወስደው ነገር ክብደት መቀነስ ሰዎች የሚያስቡትን ያህል ፈጣን መፍትሔ አለመሆኑን ነው። 10 ኪሎ ቢቀንሱ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ አየር የሚይዘውን ስፋት በቱታና በአቋም በ16 በመቶ ማሳደግ ከ215 ወደ 200 ያወርድዎታል። ለጤናዎ ብለው ክብደት ቢቀንሱ መልካም ነው፤ ለቀጣዩ ዝላይ ግን ልብሱ ይቀድማል።

የአደጋውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ከ13,500 ጫማ ወጥተው በ5,500 ጫማ ቢከፍቱ፣ በ190 ከሚወርድ ሰው ጋር ሲነጻጸር የሚያጡት 5 ሰከንድ ያህል ነው። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜን በልብ ቆጥሮ የሚዘልል ሰው እነዚያን ሰከንዶች የሚያጣው ከታች በኩል ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ትተው የከፍታ መለኪያዎን ያንብቡ፤ በራስ ቁር ውስጥ የሚገባና በተወሰነ ከፍታ ላይ ድምፅ የሚያሰማ መለኪያ ቢጨምሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሌላም የሚያስደስተኝ ነጥብ አለ። አየሩ ከላይ የሳሳ ስለሆነ፣ አቋምዎ ባይለወጥም በ4,000 ሜትር ላይ የነበረዎት ፍጥነት 1,500 ሜትር ሲደርሱ በ12 ወይም በ13 በመቶ ይቀንሳል። ፊሊክስ ባውምጋርትነር በ2012 እ.ኤ.አ. ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ዘልሎ በሰዓት ከ1,350 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ዝላይ አቋምዎን በሚገመግሙበት ጊዜ ታዲያ ከላይኛው ክፍል ይልቅ የታችኛውን ቪዲዮ ይመልከቱ።

መልስ፦ ቀላሏ ዘላይ ከዱባይ

እኔ በተቃራኒው በኩል ነኝ። ክብደቴ 49 ኪሎ በመሆኑ ቡድኑ ሁልጊዜ ከሥሬ ይወርዳል፣ እኔም የእርሳስ ቀበቶ ታጥቄ እዘልላለሁ። ስለዚህ የእርስዎን ጭንቀት በደንብ እረዳዋለሁ፤ ለሁለታችንም የሚሠራው ትምህርት ቤት የነፋስ ዋሻው፣ ማለትም ከታች ወደ ላይ በሚነፍስ ኃይለኛ አየር ላይ ሰው የሚንሳፈፍበት ክፍል ነው። በዋሻው ውስጥ የአየሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሰው ስላለ፣ በመጀመሪያ ለክብደትዎ በሚመች ፍጥነት እንዲያስነሣዎ፣ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀንሰው ይጠይቁ። እርስዎም ከታች ወዳለው መረብ ሳይወርዱ ለመቆየት ትከሻዎን፣ ዳሌዎንና እግርዎን ማስተካከል ይኖርብዎታል፤ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያነሣዎና የትኛው ወደ ኋላ እንደሚገፋዎ ሰውነትዎ በዚያው ቅጽበት ይማራል። በሰማይ ላይ ይህንን ለመለማመድ የሚኖርዎት ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከመሄድዎ በፊት ግን የዋሻውን የክብደት ገደብ ይጠይቁ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። የዝላይ ቱታዎን ይዘው መሄድ ይፈቀድልዎ እንደሆነም አብረው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጀማሪ ከቨርጂኒያ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእጅና የእግሩ ማብራሪያ ቪዲዮውን እንደገና ሳየው በትክክል ተገጣጠመ፤ እግሬ ታጥፎ ነው የሚታየው። ለዋና አሰልጣኙም እነግራለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ከፓራሹቱ መከፈት በኋላ ያለው ነው። በ300 ካሬ ጫማ የተማሪ ፓራሹት ነው የምዘልለው፤ ፈቃዴን ሳገኝ የራሴን ትጥቅ ለመግዛት ሳስብ ጓደኞቼ 210 ወይም 230 ይበቃሃል ይሉኛል።

መልስ፦ አሰልጣኝ ከዳላስ

ይህን በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ በእኔ እምነት ለከባድ ጀማሪ ከነጻ ውድቀቱ ፍጥነት የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባው ይህኛው ነው። በዚህ አገር ስሌቱ የሚሠራው በፓውንድ ነው። ከነትጥቅዎ 120 ኪሎ ማለት 265 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ፣ በ300 ካሬ ጫማ ላይ ለእያንዳንዱ ካሬ ጫማ 0.88 ፓውንድ ይደርሳል፤ ይህ ለተማሪ ተስማሚ ነው። በ230 ላይ 1.15፣ በ210 ላይ 1.26 ይሆናል። ለአዲስ ዘላይ ብዙ አሰልጣኞች ከ1.0 እንዳያልፍ የሚመክሩት፣ ጭነቱ ሲጨምር ፓራሹቱ በፍጥነት ስለሚበር፣ ሲዞር ብዙ ከፍታ ስለሚያጠፋና መሬት ላይ የሠሩትን ስሕተት ይቅር ስለማይል ነው። 70 ኪሎ ለሆነ ጓደኛ 210 ሰፊ ፓራሹት ነው፤ ለእርስዎ ግን ፈጣን ነው። ስለዚህ ከ265 በታች አሁን አያስቡ፤ 280 ካገኙ ደግሞ የተሻለ ነው።

በከፍተኛ ፍጥነት መክፈትም የራሱ ዋጋ አለው። ከ190 ይልቅ በ215 ሲከፈት የአየሩ ኃይል በ28 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ይህም በአንገትና በትከሻ ላይ ይሰማል። ስለዚህ የፓራሹቱን አጣጠፍ ከሚያውቅ ሰው በደንብ ይማሩ፤ በተለይ የመክፈቻውን ፍጥነት የሚገታው ስላይደር የሚባለው አራት ማዕዘን ጨርቅ እስከ ላይ ድረስ ተገፍቶ በቦታው መቀመጡን ሳያረጋግጡ አይዝጉት። በማረፍ ጊዜ መሪዎቹን በሁለት እጅ እኩል እስከ መጨረሻው ይሳቡ፣ ነፋስ በሌለበት ሞቃት ቀን ፍጥነቱ ስለሚጨምር እግርዎን ገጥመው አየር ወለዶች እንደሚያደርጉት በጎን ለመንከባለል ዝግጁ ይሁኑ።

ያገለገለ ትጥቅ ሲያዩ በመጀመሪያ መታየት ያለበት መጠባበቂያው ነው። ዋናውን ሰፊ አድርገው መጠባበቂያውን ትንሽ የሚያደርጉ ሻጮች አሉ፤ መጠባበቂያው የሚያስፈልግዎ ግን በከፋው ቀን፣ ምናልባትም ባልመረጡት መሬት ላይ ሲያርፉ ነው። አምራቹ በመለያው ላይ ያተመው ከፍተኛ ክብደት ከነትጥቅዎ ያለዎትን 265 ፓውንድ የማይሸፍን ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙት፤ ከመክፈልዎ በፊትም መለያውን ፈቃድ ላለው ሪገር፣ ማለትም ለፓራሹት ባለሙያ፣ ያሳዩት።